ናይትሮጅን ሞልቼ ሊማሊሞን ስወርድ

ጎንደር፣ አርብ ንጋት

ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ በባትሪ ብርሃን አራቱንም ጎማዎች ዞሬ አየሁ። አየሁ ስል ነካካሁ ማለቴ ነው። በእግሬ መታ መታ አደረግኩ፣ በመዳፌ ዳሰስኩ፣ በየጎማው የአየር መሙያ ላይ የተገጠመችውን አረንጓዴ ክዳን አጠበቅኩ። ባለቤቴ ትዕግሥት በሩ ላይ ቆማ ጋቢዋን እያጣፋች ታየኛለች።

«ተሳልመህ ስትጨርስ ንገረኝ» አለችኝ።

አንባቢ ከወዲሁ ይወቀው፣ እኔ ፈሪ ነኝ። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ፤ እኔ ዘንድሮ የምፈራው ለሁለት ነው። ትዕግሥት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አዲ አርቃይ ያለችው እህቷ የወለደቻት ልጅ ደግሞ ነገ ሰማንያ ቀን ይሞላታል። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፣ እኔ ስለፈራሁ ቀኑ አይገፋም። መንገዳችን በሊማሊሞ ቁልቁለት ነው። ሊማሊሞን ከልጅነቴ ጀምሮ በሕልሜ አውቀዋለሁ፣ በሕልሜ የተሳፈርኩበት መኪና አንድም ቀን ታች በሰላም ደርሶ አያውቅም።

ለዚህ ነው ባለፈው ሳምንት «ናይትሮጅን እንሞላለን» የሚል ጽሑፍ የለጠፈ ሱቅ ሳይ ዘው ያልኩት። ባለሱቁ አፈ ቅቤ ነው። ቁልቁለት ላይ አይግልም፣ አያብጥም፣ አይፈነዳም፣ ዝም ብሎ አይቀንስም አለኝ። የመንገድ ዳር ጎሚስታ በሻይ ሒሳብ ለሚሞላው ጎማ እሱ የቤተሰብ ምሳ የሚያህል ጠየቀኝ፣ ሳልከራከር ከፈልኩ። ስወጣ ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ «ብቻ ተራ አየር እንዳይቀላቀልበት። ከተቀላቀለበት ገንዘብህን ጣልከው» አለኝ።

ትዕግሥት የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ያን ዕለት ሱቁ በር ላይ ከመኪናው ሳትወርድ፣ «የምንተነፍሰው አየር ራሱ አብዛኛው ናይትሮጅን ነው እኮ» አለች። ሰማኋት። ግን ያን ሰሞን የሚያስረዳኝ ሰው ሳይሆን የሚያረጋጋኝ ሰው ነበር የምፈልገው።

ዳባት፣ ረፋድ

አምባ ጊዮርጊስን በጉም ውስጥ አለፍን። ገብስ የጫኑ አህዮች ከጉሙ ብቅ እያሉ ያስደነግጡኛል። ሬዲዮ አልከፈትኩም፣ ጆሮዬ ጎማው ላይ ነው። አንድ ጠጠር ከሥር ቀጭ ባለ ቁጥር ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ይወጣል።

ዳባት ላይ አማቴን መሪጌታን አሳፈርን። ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ነጭ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ጥላቸውን ተመርኩዘው መኪናውን ዞሩት። ፊት ለፊት ግራ ጎማው ዘንድ ቆሙ።

«ይኸ አረንጓዴው ምንድር ነው ልጄ?»

ባለሱቁ ያለኝን በሙሉ ነገርኳቸው። ተራ አየር እንዳይነካው የተባለውንም አልደበቅኩም።

«እንዲያ ከሆነስ መልካም ነው» አሉ መሪጌታ። «የጾም ድስትና የፍስክ ድስት አይቀላቀልም። ንጹሑን በንጽሕናው መያዝ ነው።»

በድል አድራጊነት ወደ ትዕግሥት ዞርኩ። እሷ ግን በመስኮት የባሕር ዛፉን ታይ ነበር።

ደባርቅ፣ እኩለ ቀን

ደባርቅ ብርዱ ፀሐይ ላይ ቆመው የሚበርድ ዓይነት ነው። ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጡ ቱሪስቶች ውኃና ዳቦ ይገዛሉ። ከከተማው መውጫ ላይ ከባድ መኪኖች ተደርድረው ሾፌሮቹ ሥር ገብተው ፍሬናቸውን ያያሉ። የለመዱት እንዲህ ከተጠነቀቁ፣ እኔ ማን ነኝ?

ምሳ ቤቱ ውስጥ መሪጌታ የሽሮው ጭልፋ የሥጋ ወጥ ነክቶ እንደሆን የቤቱን ባለቤት ጠየቋት። «ኧረ አባቴ፣ ማርያምን! የጾሙ ለብቻው ነው» አለች። ረክተው ባረኩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው እያመለከቱ፣ «ለሷ እንቁላል አምጪላት» አሉ። ትዕግሥት አፈረች።

«አባባ፣ አርብ እኮ ነው!»

«አርብ መሆኑን እኔም አውቃለሁ ልጄ። ላንቺ ይፈቀዳል።»

ቀስ ብላ በላች።

ስንወጣ አጠገቡ ያለው ጎሚስታ፣ ዘይት የጠገበ ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ፣ መኪናዬ ሥር ተንበርክኳል። «ጋሼ፣ የፊት ግራው ቀንሷል። ልሙላልህ?»

«እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ናይትሮጅን መሆኑን፣ መቀላቀል እንደሌለበት ነገርኩት።

«እኔ ጋ ያ የለም» አለ ትከሻውን ነቅንቆ። «ያለኝ ይኸው ነፋስ ነው።»

«ይሙላልህ» አለች ትዕግሥት። «መቀላቀሉ ምንም አያመጣም። ባዶው ነው የሚጎዳን።»

አልተቀበልኳትም። ትንሽ ቢቀንስም ንጹሕ ነው አልኩ። እንዲህ ማለቴን አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል። ትዕግሥት ገብታ ቀበቶዋን ከሆዷ ሥር አሰረች።

ሊማሊሞ

መንገዱ ከእግራችን ሥር ጠፋ። ከፊት ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ታች ደግሞ የምንሄድበት መንገድ ራሱ፣ እየተጠማዘዘ፣ በጣም ታች ይታያል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፣ ገደሉን ጀርባ ሰጥተውታል። ቀናሁባቸው።

በሁለተኛ ማርሽ እወርዳለሁ። መሪጌታ ከኋላ በለሆሳስ ይጸልያሉ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ መሪው ወደ ግራ ሳበኝ። እጄ ነው አልኩ። አራተኛው ላይ አጥብቆ ሳበኝ። ግራዬ ሽቅብ የሚመጡት መኪኖች መስመር ነው፣ ከመስመሩ ወዲያ ገደሉ ነው።

«ወደ ግራ እየሄድክ ነው» አለች ትዕግሥት።

«አውቃለሁ።»

«ቁም እንግዲህ!»

«የት ልቁም?»

በዚህ መሐል ከኩርባው አንድ ከባድ የጭነት መኪና ብቅ አለ። ጥሩምባው ደረቴ ውስጥ ጮኸ። መሪውን በሁለት እጄ ወደ ቀኝ ጎተትኩ፤ አልታዘዝ አለኝ፣ ከዚያ በግድ ታዘዘ። የመኪናው ጎን በመስኮቴ አጠገብ ሲያልፍ ጭቃውን አየሁት፣ በእጄ ልነካው እችል ነበር። ትዕግሥት ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። የሕልሜ መኪና ይኸው ነው አልኩ፣ የምነዳው ደግሞ እኔ ነኝ።

ተራራውን ታክኬ ቆምኩ። ወርጄ ወደ ፊት ግራው ዞርኩ። ጎማው ተኝቷል፣ ቸርኬው አስፋልቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቅያሪ ጎማውን አወረድኩ፤ ስጫነው እንደ ሊጥ ገባ። ለአራቱ ናይትሮጅን ስሞላ አምስተኛውን ዞር ብዬ አላየሁትም ነበር።

የጭነት መኪናው ከፍ ብሎ ቆሞ ኖሯል። ሾፌሩ፣ አንገቱን በሻርፕ የጠቀለለ ሰው፣ ረጅም ቱቦ እየጎተተ ወረደ። ሌላኛው ጫፍ ከመኪናው የፍሬን አየር ታንከር ላይ ተሰክቷል።

«ወንድሜ፣ እዚህ ቆሞ መቆየት አይሆንም፣ ከኋላዬ ሌሎች እየመጡ ነው» አለና ወደ አረንጓዴዋ ክዳን እጁን ዘረጋ።

«ቆይ!» አልኩት። አዎ፣ እዚያም ላይ አልኩት።

«ምን ልቆይ?»

«ናይትሮጅን ነው… ተራ አየር ከገባበት…»

ሾፌሩ የተኛውን ጎማ አየ፣ እኔን አየ። «የቱ ናይትሮጅን?» አለኝ።

መሪጌታ ከመኪናው ወርደው ጥላቸውን እየተደገፉ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን በዚያው በማይቸኩል ድምፃቸው፣ «ልጄ፣ ቅድም ለልጄ እንቁላል ያዘዝኩላት ለምን ይመስልሃል? ለታመመና ለነፍሰ ጡር ይፈቀዳል። ይኸም ጎማ ታሟል፤ ነፍሰ ጡርም ተሸክሟል» አሉ።

ተንበርክኬ ክዳኗን በገዛ እጄ ፈታሁ። ከጣቶቼ አምልጣ ተንከባለለች፣ በመንገዱ ጠርዝ አልፋ ወደ ገደሉ ገባች። ሾፌሩ ጎማውንም ቅያሪውንም ሞላልን። ላመሰግነው ስጀምር፣ «ቀስ ብለህ ውረድ፣ እሷን አታስደንግጣት» ብሎኝ ሄደ።

አዲ አርቃይ፣ አመሻሽ

ድብ ባሕር ላይ ቆሜ ጎማውን አየሁት፣ ትንሽ ብቻ ነው የቀነሰው። አዲ አርቃይ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። እዚያ ያለው ጎሚስታ ጎማውን ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋውን ተከተለና አንዲት አጭር ምስማር አወጣ። ምስማሯ የበሳችው ቀዳዳ ናይትሮጅን ነው ብሎ ሳያስወጣው አልቀረም።

ታዲያ ይጠቅማል ወይ? ማታ ትዕግሥት ያስረዳችኝ ይህን ነው፤ ደረቅ ስለሆነ እርጥበት የለበትም፣ በራሱም ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው፤ ለኛ ዓይነት መኪና ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ጎማውን ቶሎ ቶሎ የሚያስለካ ሰው ያንኑ ጥቅም ያገኛል። ያስረዳችኝ ተማሪዎቿን በምታስተምርበት ድምፅ ነበር። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ።

«ደባርቅ ላይ እንዳትነካው ብለህ ስትጮህ ጎማውን አልፈራሁም» አለችኝ። «አንተን ፈራሁ።»

ጓዳ ውስጥ ነገ የምትጠመቀው ሕፃን ታለቅስ ነበር።

ደባርቅ፣ እሑድ

ሕፃኗ ቅዳሜ ማለዳ ተጠምቃ ወለተ ማርያም ተባለች። እሑድ ሽቅብ ስንመለስ ፈራሁ፣ ግን መሪው ቀጥ ብሎ ታዘዘኝ። ደባርቅ ገብቼ ያው ጎሚስታ በር ላይ ቆምኩ። ካፖርቱን እያራገፈ መጣ፣ ወዲያው አወቀኝ፣ እጁንም ወደ ኋላ ሰብስቦ ቆመ።

«ጋሼ፣ ዛሬም አልንካው?»

ወርጄ የቀሩትን ሦስት አረንጓዴ ክዳኖች ፈታሁ።

«ሁሉንም ለካልኝ» አልኩት። «የጎደለውን ሙላልኝ።»

«ምን ልሙላው?»

«ያለህን።»