የአጎቴ ለቅሶ

ዝናብ የመታው የድንኳን ሸራ ሽታ፣ ሶዶ ውስጥ አያቴን ወደ ቀበርንበት ቀን መለሰኝ።

አጎቴ በወላይትኛ የራዲዮ ድራማ ሰካራምም፣ ዳኛም፣ ባልቴትም ሆኖ ይጫወት ነበር። ስሙን ያስጠራው ግን ልጁን የቀበረ አባት ሆኖ ያለቀሰው ለቅሶ ነው፤ የሶዶና የቦዲቲ ልጆች እያስመሰሉት ይስቁ ነበር።

ያን ቀን በእናቱ አስከሬን ፊት ጮኾ አለቀሰ። ያው የራዲዮው ለቅሶ ነበር። አንዷ ለቀስተኛ ሳቋ አመለጣት፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እሱ ወዲያው ዝም አለ፤ ጋቢውን ተከናንቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ሌላ ለቅሶ የለኝም» አለኝ በደከመ ድምፅ።

ይህ የዛሬው ድንኳን የተተከለው ለራሱ ለአጎቴ ነው። አንድ ጎረምሳ ያንን የራዲዮውን ለቅሶ በስልኩ ከፈተው። ማንም አልሳቀም። አንዲት ባልቴት ብቻ፣ «ዝጋው ልጄ፣ አሁንስ ይረፍ» አሉት።