የአንድ ሚሊዮን አንድ አካፋይ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ላሊበላ ላይ ሒሳብ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ ስለሌላቸው ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ሳስረዳ፣ ትልቅ ምሳሌ ላሳይ ብዬ አንድ ሚሊዮን አንድን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ለሦስት፣ ለሰባት፣ ለአሥራ አንድና ለአሥራ ሦስት አካፍዬ ቀሪ ሲተርፈኝ፣ "ይኸው፣ ብቸኛ ነው" አልኳቸው።

ከገነተ ማርያም በኩል መጥታ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ነበረች። ስንቋን አባቷ በየአሥራ አምስት ቀኑ ተሸክመው ያመጡላታል። እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ከአሥራ ሦስት በላይ ያሉትንስ ሞክረዋቸዋል?"

አልሞከርኩም። ይህን በተማሪ ፊት ማመን ግን ከበደኝ። "አንቺው ሞክሪና ንገሪኝ" አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"እስከ ስንት ልሂድ?"

"እስከ ሺህ። ሺህ በሺህ ሲባዛ ሚሊዮን ነው፤ አካፋይ ካለው አንዱ ከሺህ አይበልጥም።"

ያን ዓመት ዝናቡ ቀረ። ክፍሉ እየሳሳ ሄደ፤ ስንቅ ይዘው የሚመጡት አባቷም ቀሩ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ልጅቷ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። የፖለቲካ ትምህርት የታተመበት ወረቀት ይዛለች፤ ጀርባው በእርሳስ ጢም ብሎ ተጽፎበታል።

"መምህር፣ ብቸኛ አይደለም።"

ለቀበሌ ስብሰባ ረፍዶብኝ ነበር። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩና "ነገ አየዋለሁ" አልኳት።

በማግስቱ አልመጣችም። አባቷ መጥተው የእርዳታ እህል ይታደላል ወደተባለበት ወደ ጋሸና እንደወሰዷት አብራት የምትኖረው ልጅ ነገረችኝ። ወረቀቱን የገለጥኩት እሑድ ነው። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ሦስት እያለች አንድ በአንድ አካፍላ ሰርዛቸዋለች። አንድ መቶ አንድ ላይ ስትደርስ ቀሪ የለም። የደረሰውን ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድን አክብባዋለች። መልሼ አባዛሁት፤ ልክ ነው። ለማየት ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።

በሳምንቱ በጭነት መኪና ወደ ጋሸና ሄድኩ። አባቷን መንገድ ዳር ሸራ ሥር አገኘኋቸው። ሊነሱልኝ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ።

"ልጅዎስ አባቴ?"

"ሐሙስ ቀበርናት። ተቅማጥ ነው የወሰደብኝ።"

አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውም፣ "ስለ አንድ ቁጥር ታወራኝ ነበር። 'መምህሬ አይተውት ይሆን?' ትላለች። ልክ ነበረች?" አሉኝ።

"ልክ ነበረች። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

"ይህን ብትሰማ ደስ ባላት" አሉ። እኔን ለመውቀስ አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ሰኞ ክፍል ስገባ የቀሩት አሥራ አንድ ነበሩ። ስህተቴን ነገርኳቸው፤ ሁለቱን አካፋዮችም ጻፍኩላቸው። ማን እንዳገኘው ሲጠይቁኝ ስሟን ተናገርኩ። ጠመኔውን አስቀምጬ፣ ደወሉ ሳይደወል ወጣሁ።