የጢቾው ማሽን ዝም ያለ ቀን

ልጄ የኮምፒውተር ሥራ ትሠራለች። ሰው «ምንድነው የምትሠራው?» ሲለኝ ድሮ «ቢሮ ነው» ብዬ አልፍ ነበር። አምስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ስለ ሰርቨር ሲያወራ መሳሳቱ አይቀርም ብዬ እፈራ ነበር። አሁን ግን ሥራዋን በደንብ አውቀዋለሁ። ያወቅሁት በፍርሃት ነው።

የምትሠራበት ድርጅት ለገበሬ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ያከፋፍላል። ዋናው ቢሮ እዚሁ አሰላ ነው፤ ሲሬ፣ ኦጎልቾና ጢቾ ቅርንጫፎች አሉት። በየቅርንጫፉ አንድ ሰርቨር አለ። ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲያጉረመርም የሚውል ማሽን ነው። የገበሬው ስም፣ የዘሩ ዋጋ፣ የመጋዘኑ ዕቃ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። አንዱ ጋ ዋጋው የድሮ ሆኖ ሲቀር ወይም ማተሚያው አልታዘዝ ሲል ልጄ ሚኒባስ ተሳፍራ ትሄድና በእጇ አስተካክላ ትመለሳለች። ዛሬ ሲሬ፣ ነገ ጢቾ። እኔም ቤቴ ቁጭ ብዬ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ስልክ እደውላለሁ፤ «ደረስሽ? መንገዱ እንዴት ነው? ሾፌሩ ያበርራል?»

የመጀመሪያው ፅንሷ የወረደው ከኦጎልቾ በተመለሰች ማግስት ነው። ሐኪሙ «የመንገዱ ጉዳይ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ምክንያትም ይደርሳል» አላት። እሷ አመነችው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን የዚያን ዕለት ከሚኒባሱ ስትወርድ ወገቧን ይዛ እንደነበር አይቻለሁ። ስለዚህ ሁለተኛውን ባረገዘች ጊዜ ደስታዬም ፍርሃቴም እኩል መጡ። ሰባተኛ ወሯ ላይ ደግሞ ሐኪሟ «ከአሁን በኋላ በጎንሽ ተኚ፤ ረጅም መንገድ አትሂጂ» አለቻት። ባሏ መምህር ነው፤ ምድቡ ሩቅ ስለሆነ ወደ እኔ ቤት መጣች። ኮምፒውተሯንም ይዛ መጣች።

ያኔ ነው ብዙ ጊዜ ስታስብበት የቆየችውን ሥራ የጨረሰችው። መንገዱን ከማቆሟ በፊት በየቅርንጫፉ ዞራ በእያንዳንዱ ሰርቨር ውስጥ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አስቀምጣ ነበር፤ «ኤጀንት» ትላታለች። ምን እንደምታደርግ ስጠይቃት አልጋው ላይ በግራ ጎኗ እንደተጋደመች አስረዳችኝ።

«ዋናው ማሽን አሰላ ነው ያለው። ‹ቅርንጫፍ ሁሉ እንዲህ መሆን አለበት› ብዬ እሱ ላይ እጽፋለሁ። ኤጀንቷ በየግማሽ ሰዓቱ ትነሣና ‹ዛሬስ እንዴት ልሁን?› ብላ ትጠይቀዋለች። የተዛባ ነገር ካለ ታስተካክላለች፤ ከሌለ ተመልሳ ትተኛለች።»

«ማንም ሳይነግራት?»

«ማንም ሳይነግራት።»

«አንቺ ግን እየነገርኩሽም አትተኚም» አልኳት። ሳቀች።

ኮምፒውተሯ ላይ ሦስቱ ቅርንጫፎች ተራ በተራ ተጽፈው ነበር። ኤጀንቷ ጠይቃ ከተመለሰች ስሙ አጠገብ አረንጓዴ ይበራል፤ ዝም ካለች ቀይ ይሆናል። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ የዩኒፎርም ቁልፍ እየተከልኩ ዓይኔን ወደዚያ ጣል አደርጋለሁ። ልጄ እንቅልፍ ሲወስዳት የማያት ሁለት ነገር ነበር፤ ትንፋሿንና አረንጓዴውን። ሦስቱም አረንጓዴ ከሆኑ ልጄ አትሄድም ማለት ነው። ለእኔ የማሽኑ ትርጉም ይኼ ብቻ ነበር።

ክረምቱ ገባ። የስንዴ መዝሪያ ደረሰ። አንድ ቀን ጠዋት ጢቾ ቀይ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ የጢቾዋ ገንዘብ ያዥ ደወለች። ማሽኑ በርቷል፤ ግን ትናንት የተለወጠው የዘር ዋጋ አልደረሰውም፤ የድሮውን እያተመ ነው። በድሮው ዋጋ ከሸጠች ትጠየቃለች፤ ካልሸጠች ገበሬው ከነአህያው በር ላይ ቆሟል። ልጄ ከአልጋዋ ሆና ወደ ማሽኑ ልትገባ ሞከረች፤ አልሆነም።

«ከሩቅ በሩን የምትከፍትልኝ ራሷ ኤጀንቷ ነበረች» አለችኝ። «እሷ ካልተነሣች አልገባም።»

«ምን ነካት?»

መልስ ሳትሰጠኝ ገንዘብ ያዧን በስልክ ጠየቀቻት። «ትናንት ነጎድጓድ ነበር እንዴ?»

«ነበረ እንጂ። ሁሉንም ሶኬት ነቅለን ነው የወጣነው።»

ልጄ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ነገሩ ገብቷታል። ባለፈው ጢቾ ሄዳ ኤጀንቷን ስታስገባ የመጨረሻው ሚኒባስ እየጠራ ስለነበር በእጇ አስነሥታት ብቻ ወጥታለች። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ራሷ እንድትነሣ የሚያዘውን ሁለተኛውን ትእዛዝ አልጻፈችም። ሲሬና ኦጎልቾ ላይ ጽፋለች፤ ጢቾ ላይ ረስታለች። ነጎድጓድ ሲሰማ ሶኬት የማይነቅል ቤት ደግሞ በእኛ አገር የለም። እኔ ራሴ ደመና ሳይ ገና ቴሌቪዥኑን እነቅላለሁ።

«አንድ መስመር ናት፣ እማ» አለች። «አንድ መስመር ጽፌ እመለሳለሁ። ከፊት ወንበር ይዤ፣ ቀስ ብዬ።» ጫማዋን በእግሯ ትፈልግ ጀመር። ጎንበስ ማለት አትችልም ነበር።

ጫማውን አነሣሁት። አላቀበልኳትም።

«ያቺ ገንዘብ ያዥ ትጻፈው» አልኩ።

«ክልክል ነው። ገንዘብ የያዘም መጋዘን የያዘም ማሽኑን በሚከፍተው ይለፍ ቃል አይገባም። ዋጋው እዚያ ውስጥ ነው፤ ነገ አንድ ነገር ቢጎድል ‹አንቺ ገብተሽ ነበር› ይሏታል። ራሷም እሺ አትልም።»

«እኔስ? እኔ ገንዘብ አልያዝኩ፣ መጋዘን አልያዝኩ።»

አየችኝ። ቀልድ መስሏት ነበር። «እማ፣ አንቺ እኮ አሰላ ገበያ ድረስ እንኳን ሾፌሩን ‹ቀስ በል› እያልሽ ነው የምትደርሺው።»

«ታዲያ ጢቾም እንደዚያው እያልኩ እደርሳለኋ።»

ለሥራ አስኪያጁ ደወለች። መጀመሪያ ሲስቅ ተሰማኝ። ከዚያ ሐኪሟ ያለቻትን ስትነግረው ድምፁ ተለወጠ። «እናትሽ ይሂዱ» አለ። «እኔ ለቅርንጫፉ እናገራለሁ። አንቺ ግን ይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ቀይሪው።»

ይለፍ ቃሉ ረጅም ነበር፤ በቁቤ፣ ማለት በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ የተጻፉ አራት ቃላት። ወረቀት ላይ እንዳልጽፈው አስማለችኝ። ቁቤ የተማርኩት እሷ አንደኛ ክፍል ስትገባ አጠገቧ ተቀምጬ ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ያስተማሩን የግእዙን ፊደል ብቻ ነበር። ስለዚህ ከአሰላ ስንወጣም፣ የሳጉሬን ከተማ ካለፍን በኋላም፣ ሚኒባሱ መስኮት አጠገብ ሆኜ አራቱን ቃላት በከንፈሬ እመላለስባቸው ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ብዙ ሲያዩኝ ቆዩና እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ።

እኔም ግራ ገብቶኝ «አሚን» አልኩ።

«ለማን ነው ዱዓው?»

«ለልጄ ነው፤ ነፍሰ ጡር ናት» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም።

«ወንድ ይስጣት» አሉ። «ሴትም ብትሆን አይከፋም፤ ወንዱ የት ያደርሰናል ብለሽ ነው» ብለው ራሳቸው ሳቁ።

መንገዱ ጠመዝማዛ ሲሆን ሾፌሩን «ልጄ፣ ቀስ» ማለቴ አልቀረም። ግን በየጉድጓዱ ስንነሣና ስንወድቅ ልቤ እንደ ሌላው ጊዜ አልፈራም። እዚህ ጉድጓድ ላይ እሷ አልወደቀችም፣ እዚህኛውም ላይ አልወደቀችም እያልኩ ሄድኩ።

ጢቾ ጭጋግ ወርዶ ነበር። ገበሬዎቹ ፕላስቲክ ለብሰው በር ላይ ቆመዋል፤ አህዮቹ ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጥተዋል። ገንዘብ ያዧ ብቅ ብላ በኦሮምኛ «ሃዳ፣ አካም ጅርቱ» ብላ ሰላም አለችኝ፤ እናቴ እንዴት ነዎት ማለቷ ነው። ወደ ውስጥ ስታስገባኝ የመጋዘኑ ሠራተኛ ከኋላዋ ቆሞ አየኝ።

«ኢንጂነሯ እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

«የኢንጂነሯ እናት ነኝ።»

«ይሻላል። ኢንጂነሯን እናገኛት የነበረው መሸት ሲል ነው፤ እርስዎ ሳይመሽ ደረሱ።»

«ተው፣ ሴትዮዋን አታስቸግራቸው» አለችው ገንዘብ ያዧ። ወንበር ሰጡኝ። ደንቡ ስለሆነ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቆሙ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ያዝኩት።

«ይለፍ ቃሉን ጻፊ» አለችኝ ልጄ።

ጻፍኩ። ምንም አልታየም። ጥቁሩ መስታወት እንዳለ ጥቁር ነው።

«አይጽፍም። ሰበርኩት መሰለኝ።»

«አልሰበርሽም፣ እማ። ሰው እንዳያይብሽ ነው የማያሳየው። እየጻፈ ነው። ቀጥዪ።»

የማይታይ ነገር መጻፍ እንዴት እንደሚያስጨንቅ አልነግራችሁም። ሁለት ጊዜ «ተሳስቷል» አለኝ። ልጄ አልተቆጣችም፣ አላጣደፈችኝም። «መርፌ ላይ ክር ስታስገቢ ትንፋሽሽን እንደምትይዢው አድርጊ» አለችኝ። ትንፋሼን ያዝኩ። ሦስተኛው ላይ ገባሁ።

ከዚያ የእንግሊዝኛውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል በቁቤ አጠራር ትነግረኝ ጀመር፤ «ሳ። ያ። ሳ። ታ። ኤ። ማ።» እኔም እየደገምኩ ጫንኩ። «ጫ። ታ። ላ።» የመጋዘኑ ሠራተኛ ፊቱን ወደ በሩ እንዳዞረ «ቁቤ ልማር ብዬ ሃያ ዓመት ስጠብቅ፣ ይኸው አስተማሪ መጣልኝ» አለ። ገንዘብ ያዧ በክርኗ ጎሸመችው።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ኤጀንቷን አስነሣት። አሰላ ባለው የልጄ ኮምፒውተር ላይ ቀዩ አረንጓዴ ሆነ፤ ልጄ ስትነግረኝ እኔ ተነሥቼ ለመሄድ ቦርሳዬን አነሣሁ።

«ቆዪ፣ ገና ነው። ሁለተኛውን እንጻፈው።» ሁለተኛውን ጻፍን። «አሁን ሶኬቱን ይንቀሉት።»

«ያለ ነጎድጓድ?»

«ያለ ነጎድጓድ። እኔ ማሽኑን በሥርዓቱ አጥፊው ብልሽ ሌላ ነገር ነው። ሰው እዚያ የሚያደርገው ግን መንቀል ነው። ኤጀንቷ ልትፈተን የሚገባት በእሱ ነው።»

ነገርኳቸው። ሁለቱ ተያዩ። ገበሬዎቹ በሩን ሞልተውታል፤ ማሽኑ ከስንት ልፋት በኋላ ተነሥቷል፤ እኔ ደግሞ ንቀሉት እላለሁ። ገንዘብ ያዧ «እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ። አልነበርኩም። ቢበላሽ ልጄ ነገ በዚያ መንገድ ትመጣለች። «ልጄ እርግጠኛ ናት» አልኳት።

ነቀለችው። የማሽኑ ጉርምርምታ ሲቆም ክፍሉ ባዶ ሆነብኝ። መልሳ ሰካችው። በራ። እንግዲህ የሚጠበቀው ኤጀንቷ ማንም ሳይነካት ተነሥታ መጠየቋ ነው። ስልኩ ውስጥ የልጄን ትንፋሽ እሰማለሁ፤ እሷም የእኔን ትሰማ ይሆናል። የመጋዘኑ ሠራተኛ እንኳን ፊቱን ከበሩ ወደ ማሽኑ መለሰ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ሁላችንንም አዩንና «ሰው ታሟል እንዴ?» አሉ።

«ማሽን ነው፣ አባቴ» አለቻቸው ገንዘብ ያዧ።

«አሃ። አላህ ይማረው።»

ልጄ በስልኩ ውስጥ በቀስታ «ጠየቀች» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እማ፣ ራሷ ተነሥታ ጠየቀች።»

ገንዘብ ያዧ አንድ ደረሰኝ አተመች፤ አዲሱ ዋጋ ነበር። በሩን ከፈተች። ሽማግሌውን ማንም አልቀደማቸውም፤ ምሕረት የለመኑት እሳቸው ናቸው።

በምመለስበት ጊዜ ገንዘብ ያዧ ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ «ለነፍሰ ጡሯ» ብላ ሰጠችኝ። ቤት ስደርስ ልጄ ይለፍ ቃሉን ቀይራው ነበር። ያን ሁሉ መንገድ የያዝኩት ቃል የትም የማያስገባ ሆነ። ትንሽ ቅር አለኝ፤ ስነግራት አለቅጥ ሳቀች፤ «አትሳቂ፣ ሆድሽን ያምሻል» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ነጎድጓድ ነበር። እኔ ሶኬቶቼን ስነቅል ሥራ አስኪያጁ ደወለ፤ ጢቾ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ አሁን መጥቷል፣ ማተሚያው ግን አልታዘዝ ብሏል። ልጄ አልተነሣችም። ጫማዋንም አልፈለገችም። በግራ ጎኗ እንደተኛች፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ ሆኖ፣ «ትንሽ ይጠብቁ፤ ኤጀንቷ ታስተካክለዋለች» አለችውና ስልኩን ትራሱ አጠገብ አስቀመጠች። እንቅልፍ ወሰዳት።

የልጅ ልጄ በወሯ ተወለደች። ሴት ናት።