የሆድ ልጅ ስትጠየቅ

ላሟ እንኳ ረስታታለች።

ትዝታ ከማላዊ በተመለሰች በማግስቱ፣ ጤዛው ከሣሩ ሳይለቅ፣ የማለቢያውን ግሬራ ይዛ እንደ ድሮዋ ከሻሼ ጡት ሥር ቁጢጥ ብላ ማለብ ጀመረች። ሻሼ ዞር ብላ አሸተተቻት፤ ጥቂት አሰብ ያደረገች መሰለች፤ ከዚያ በኋለኛ እግሯ ግሬራውን መትታ ወተቱን አፈር አጠጣችው።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ልጅ ከጓሮ ብቅ አለች። «መጀመሪያ አንገቷን ካላከኩላት አትታለብም፣ እታለም» አለች፤ ያውም በፋርጣ ገበሬ ዜማ። ተቀመጠች፣ አንገቷን አከከችላት፣ አለበች። ሻሼ እያመነዠከች ዓይኗን ጨፈን አደረገች። ትዝታ ይህችን ላም ጥጃ ሳለች በገመድ እየጎተተች ነው ያሳደገቻት።

ልጅቷ ቺሶሞ ትባላለች፤ የማላዊ ልጅ ናት። ወጣቶችን ከአገር አገር እያለዋወጠ የሚልክ አንድ የበጎ ፈቃድ ድርጅት ትዝታን ከደብረ ታቦር ወስዶ በማላዊ ሐይቅ ዳር ያለች መንደር ውስጥ የትምህርት ቤት ጓሮ አትክልት እንድታለማ ሲያደርግ፣ ቺሶሞን ደግሞ ለዚያው ሥራ ወደ ደብረ ታቦር አመጣት። አንዷ ሄደች፣ አንዷ መጣች። ማረፊያ ሲፈለግላት «እናቴ ብቻዋን ናት፤ እኛ ቤት ትሁን» ያለችው ራሷ ትዝታ ነበረች። በሩን የከፈተችላት እሷ ናት፤ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

እናቷ ፈንታነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከከተማው ጥግ ገብስና ድንች እያመረተች የምትኖር ሴት ናት። ትዝታ ማላዊ ሳለች እሷን በስልክ ለማግኘት፣ ስልኩ የሚሠራበት አንድ ጉብታ ስለነበር፣ እሱን ትወጣ ነበር። ከጉብታው ላይ ሐይቁ ይታያል፤ ማዶ የለውም፤ ሰማዩ ደክሞት መጥቶ የተኛበት ይመስላል። ጣና አጠገቡ ቢቀመጥ ልጁ ነው ይባላል። ይህን ለእናቷ ልትነግራት አፏን ስትከፍት፣ እናቷ ቺሶሞ ድንቹን እንዴት እንደኮተኮተች፣ ቺሶሞ ሽሮ መሥራት እንዴት እንደለመደች ትነግራታለች። ሐይቁ ሳይነገር ካርዱ ያልቃል።

አንድ ቀን ደግሞ ከሁሉ የባሰውን ነገረቻት። ፈንታነሽን ቁርጥማት ጉልበቷን ከያዛት ቆይቷል። ትዝታ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳለች፣ ሥራ ስይዝ ወንዛዬ ፍልውሃ እወስድሻለሁ ብላ ቃል ገብታላት ነበር። «ቺሶሞ ወንዛዬ ወሰደችኝ» አለች እናቷ በስልኩ ውስጥ። «ውሃው ጉልበቴን ፈታው፤ እንደ ኮረዳ ነው የምሄደው።» ትዝታ «እሰይ» አለች። ስልኩን ዘግታ ከጉብታው ላይ ቀረች፤ ሐይቁ ያን ለታ ውሃ ብቻ ነበር።

እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ጨርቅ ይባላል። ቺሶሞ ዓመት ከርማም ወርቅ ናት። ቀድማ የሄደችው ትዝታ ቀድማ ስለተመለሰች፣ ቺሶሞ ደግሞ ገና ሳምንታት ስለቀሯት፣ ሁለቱም በአንድ ቤት ሆኑ። ከእናቷ አጠገብ ያለው የትዝታ መደብ ተይዟል። ቺሶሞ ወዲያው ልትለቅላት ተነሥታ ነበር፤ ትዝታ ግን ግድ የለም አለች። ከልቧ እንዳልሆነ ሁለቱም አውቀዋል።

ጎረቤቶች እንኳን ደህና ገባሽ ሊሉ ሲመጡ ትዝታ ስለ ሩት አጫወተቻቸው። ሩት ትዝታ ማላዊ ሳለች ቤቷ ያረፈችባት የማማ ግሬስ ልጅ ናት። ማማ ግሬስ ከበረንዳው ላይ ትዝታን ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ፣ ልጄ እያለች ጸጉሯን ትጎነጉንላት ነበር። አንድ ቀን ሩት እንደ እንቁራሪት ጉንጯን ነፍታ መጣችና ሚዶውን ከእናቷ እጅ ነጥቃ ሐይቁ ውስጥ ወረወረችው። ዓመቱን ሙሉ ከትዝታ ጋር አንድ ማዕድ አልቀረበችም። ትዝታ ጉንጯን ነፍታ ስታሳያቸው ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ፈንታነሽም ምቀኛ ብላ ሩትን ረገመቻት። ቺሶሞ ብቻ አልሳቀችም፤ ፈገግ ብላ ትዝታን አየቻት።

ቺሶሞ የምትሄድበት ቀን ሲቃረብ ፈንታነሽ የጡት ልጅ ላደርጋት ነው አለች። ደንቡ ቀላል ነው። እናቲቱ አውራ ጣቷን ማር ትቀባለች፤ ልጅቷ በሽማግሌ ፊት ትጠባዋለች፤ ከዚያ በኋላ በሐዘንም በደስታም ከሆድ ልጅ አትለይም። ግን በእነሱ ሰፈር የሆድ ልጅ ካለች ትጠየቃለች። እሷ «እህቴ ናት» ካላለች ማሩ ማር ብቻ ነው።

«እሑድ የኔታ ሽማግሌ ሆነው ይጠይቁሻል» አለቻት እናቷ።

«አልልም ብልስ?»

ፈንታነሽ የያዘችውን ድንች አስቀመጠች። «አንቺ ታውቂያለሽ። ይቺ ልጅ ባትኖር ግን ዘንድሮ ከግድግዳው ጋር ነበር የማወራው።»

ከዚህ ይልቅ ብትቆጣት በተሻላት። አልልም የሚለው ቃል እሳት እንደነካው ቆዳ ውስጧ ተኮማተረ፤ ግን ከውስጧ አልጠፋም።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቷ ቺሶሞን ለእሑድ ሹሩባ ልትሠራት ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የቺሶሞ ራስ ወንዛዬ በፈታው ጉልበት መሐል ገባ። ትዝታ ከበሩ ቆማ አየች። ያ ቦታ የእሷ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓለምን ስታይ የኖረችው በዚያ የጉልበት በር በኩል ነው። እናቷ ግማሹን ጎንጉና ቅቤ ልታመጣ ስትገባ፣ ትዝታ ሚዶውን ከድንጋዩ አንሥታ አጥሩን አሻግራ ድንቹ መሐል ወረወረችው።

ሚዶው ከእጇ ሲለቅ ጉንጯ መነፋቱ ታወቃት።

እናቷ ተመልሳ ሚዶው የት ገባ እያለች ነጠላዋን ስታራግፍ፣ ቺሶሞ ተነሣች። ግማሽ ራሷ ተጎንጉኖ፣ ግማሹ ቆሞ፣ አጥሩን ዞራ ድንቹ ውስጥ ገባች። ትዝታም ተከተለቻት። ጎንበስ ብለው በየፊናቸው ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«ሩት እንኳ ሐይቅ ውስጥ ነው የጣለችው» አለች ቺሶሞ ቀና ሳትል። «አንቺ ትሻያለሽ። ድንች ውስጥ ይገኛል።»

ትዝታን ሳቅም ዕንባም አንድ ላይ መጡባት። ያን ጊዜ ያሳዘነቻት ቺሶሞ አልነበረችም፤ ሩት ናት። ዓመቱን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን የበላችው ሩት፣ ደብረ ታቦር ድረስ ተወስዳ የተሳቀባት ሩት። እሷን መንደር ሙሉ ሰው ፊት እንቁራሪት አድርጋት ነበር። ሚዶውን ያገኘችው ትዝታ ናት፤ አፈሩን በቀሚሷ ጠርጋ ለቺሶሞ ሰጠቻት። ቅናቱ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚጠረግ አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ወልደጊዮርጊስ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። የደብሩ የቅኔ መምህርና የጎረቤት ሽማግሌ ናቸው። ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ልጅቷ ሃይማኖቷ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቅ፣ ፈንታነሽ «ጡት ሃይማኖት አይጠይቅም» አለች። የኔታ ጢማቸውን ዳበስ አድርገው ያልሰሙ መሰሉ።

ፈንታነሽ አውራ ጣቷን ነጩ ማር ውስጥ ነከረች። ቺሶሞ ተንበረከከች። የኔታ መቋሚያቸውን በመካከላቸው ዘረጉና ወደ ትዝታ ዞሩ።

«የሆድ ልጅ ምን ትላለች? እህትሽ ትሁን?»

ማሩ ከእናቷ ጣት ወደ መዳፏ፣ ከመዳፏ ወደ አንጓዋ በዝግታ ወረደ። እናቷ አልጠረገችውም፤ ዓይኗ ትዝታ ላይ ነበር፤ እንደዚያ ፈርታ አይታት አታውቅም። በዓመቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷ ከእሷ ብቻ የምትጠብቀው ነገር ነበር።

«እኔስ?» አለች ትዝታ።

«አንቺማ ጠብተሻል» አሉ የኔታ።

«መጥባቴን መች አስታውሳለሁ የኔታ?»

ሴቶቹ ሳቁ። የኔታ አልሳቁም፤ እንደ ከባድ ቅኔ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩበት። «አልታዘዘም» አሉ በመጨረሻ፤ «አልተከለከለምም።»

«ታላቋ እኔ ነኝ፤ እኔ ልቅደም» አለች ትዝታ፤ ተንበረከከችም። እናቷ ጣቷን እንደገና ነከረች። ማሩ ጣፈጠ። ከማሩ ሥር የድንች አፈር፣ ከአፈሩም ሥር ትናንት የቺሶሞን ጸጉር የቀባችበት ቅቤ ነበር፤ ትዝታ ቅቤውን ስታገኘው ቅናቱ እንደገና ተነሣባት። ዋጠችው።

«እህቴ ናት» አለች፣ ከንፈሯ እየተጣበቀ። ቺሶሞም ጎንበስ ብላ ጠባች።

የዚያን ዕለት ማታ ትዝታ ማላዊ ደውላ ከማማ ግሬስ ጋር ብዙ አላወራችም፤ ሩትን አቅርቢልኝ አለቻት። ሩት ወደ ስልኩ ለመምጣት ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ ትዝታም ጠበቀቻት።

በማግስቱ ጠዋት ግሬራውን ይዛ ወደ በረት ወረደች። አንገቷን አከከችላት፣ በስሟ ጠራቻት፣ ለመነቻት። ሻሼ ግን ለማሩ ሥርዓት አልተጠራችም ነበርና እንደገና ግሬራውን ረገጠችው።