ከስግደት ማግስት የተነሣ ቃሬዛ

አመተ ሥላሴ የሚያስጠላት ነገር ብዙ ነበር። ትውልዷ ቢቸና ነው፤ ባል ተከትላ ሞጣ አጠገብ፣ ከወንዝ ማዶ ካለች መንደር ገባችና አዋላጅነቱን ከአማቷ ተማረች። ደም አያስጠላትም። እንግዴ ልጅ በእጇ ይዛ ቆማ ወሬ ታወራለች። የከረመ ቅቤ ሽታ ግን ያንገሸግሻታል፣ ላብ የደረቀበት ወንድ ያንገሸግሻታል፣ ከሁሉ ከሁሉ ጉራ ያንገሸግሻታል። ጉራ ስትሰማ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቷን አጨማድዳ «ኤጭ» ትላለች። መንደርተኛው ከኋላዋ «ሁሉ ይቀፋት» ይላት ነበር፤ ምጥ የመጣ ለት ግን ከእሷ ሌላ የሚጠራ ሰው የለም።

እዚያ መንደር ደግሞ ጉራ እንደ ስቅለት ቀን የሚበዛበት ቀን የለም። ወንዱ ሁሉ ሐሙስ ማታ እህል ውሃ ቀምሶ አክፍሎት ይይዛል፤ እስከ ፋሲካ ሌሊት ጠብታ አይቀምስም። ዓርብ ከጠዋት እስከ ማታ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲሰግድ ይውላል። ስግደቱስ ደግ ነው፣ እሷም በልኳ ትሰግዳለች። የሚቀፈው ቆጠራው ነው። ጎልማሶቹ ባቄላ በኪሳቸው ይዘው፣ አንድ በሰገዱ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ሌላው ኪስ ያሻግራሉ። ማታ ሲወጡ አጥሩ ሥር ቆመው «አንተስ ስንት ሞላህ?» ይባባላሉ። ለፈጣሪ የሰጡትን መልሰው ለጎረቤት ይቆጥሩለታል። እርም ነው እኮ!

በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ጃንሆይ ከዙፋን ሊወርዱ ወራት ሲቀራቸው፣ በዚህ ቆጠራ ሁሉን ያስከነዳ ቢሆነኝ የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ ፈንታነሽ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቀኗ ገብቷል። ቢሆነኝም «በሰላም ትገላገልልኝ እንጂ ከመንደሩ ሰው ሁሉ አብልጬ እሰግዳለሁ፣ አክፍሎቴንም አልፈታም» ብሎ ተስሏል። አደረገውም። ዓርብ ማታ ከግቢው ሲወጣ ጉልበቱ እየተብረከረከ ሁለት ሰው ደግፎት ነው፤ ፊቱ ግን ሙሽራ ይመስል ነበር። ቤቱ ሲደርስ ፈንታነሽን ምጥ ይዟታል።

አመተ ሥላሴ ከእሷ ጋር አደረች። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እጇን ታጥባ ከጓዳ ወጣችና «ልጁ ተቀርቅሯል፤ ከኔ እጅ በላይ ነው። ዛሬውኑ ሞጣ ጤና ጣቢያ ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣለን» አለች። በል ቃሬዛ ተባለ። በዚያ አገር ለቃሬዛ ተጠርቶ የሚቀር ወንድ የለም፤ ሁሉም መጡ። አመጣጣቸው ግን አይጣል ነው። አንዱ አጥር እየያዘ፣ አንዱ ከደጁ ደረጃ በጀርባው እየወረደ፣ አንዱ መቀመጥ አቅቶት እንደ ቆመ። ጭናቸው እንጨት ሆኗል። ከንፈራቸው በጥማት ተሰነጣጥቋል። ይባስ ብለው እርስ በርሳቸው እየተያዩ ይሣሣቃሉ፤ የባሰበት የበለጠ ሰግዷል ማለት ነዋ።

አመተ ሥላሴ ከብት እንደሚገዛ ሰው እግር እግራቸውን እያየች አራት መረጠች። ቢሆነኝ አልቀርም ብሎ አንዱን ጫፍ ያዘ። ሌሎቹ ጎረቤቱ አምባቸው፣ የአምባቸው ወንድም ወልደ ኪዳንና የፈንታነሽ ወንድም ነበሩ። «እስከ ወንዙ ቁልቁለት ነው፣ አይከብድም» ሲሉ ሰማች። የጨረሳቸው ግን ያው ቁልቁለት ነው። ወደ ታች በረገጡ ቁጥር የዛለው ጭናቸው ሸክሙን መያዝ እያቃተው ጉልበታቸው ይከዳቸዋል፤ ቃሬዛው አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይዘምማል። ፈንታነሽ ጥርሷን ነክሳ ታቃስታለች። ወንዙ ዳር ሲደርሱ አራቱም ቃሬዛውን አስቀምጠው እንደ ጆንያ ተዘረገፉ። ከፊታቸው ያለው አቀበት ነው።

«ጠጡ» አለች አመተ ሥላሴ ወንዙን እያሳየች።

ሁሉም ቢሆነኝን አዩት።

«ይተዉኝ እትዬ» አለ ቢሆነኝ። «የተሳልኩት ስለ እሷ ነው። አሁን ብፈታው እሷን ገደልኳት ማለት አይደል?»

«እሷን የሚገድላት ይሄ እግርህ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ምን አቀመስከውና ነው ዳገት የሚወጣልህ? ሥጋ ነው እኮ፣ ሲያደክሙት ውሃ ይላል፣ እህል ይላል። በሬህን እንኳ ስታርስ ውለህ ሳታጠጣው አታሳድረውም።»

ቢሆነኝ ግን ውሃውን አልነካም።

አመተ ሥላሴም አክፍሎት ላይ ነበረች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድም ዓመት አጉድላ አታውቅም። ወደ ወንዙ ወረደች፣ ተንበረከከች፣ በእፍኟ ዘግና ጠጣች። ውሃው ጭቃ ጭቃ ይል ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው ነገር በጉሮሮዋ ሲወርድ ተሰማትና እንባዋ መጣ፤ ማልቀሷም አስጠላት። «ኃጢአቱ በኔ ይሁን» አለች አፏን እየጠረገች። ያኔ አምባቸው ጠጣ፣ ወልደ ኪዳን ጠጣ፣ የፈንታነሽ ወንድም ፊቱን ውሃው ውስጥ ነክሮ ጠጣ። ለፈንታነሽ የተያዘውን አጥሚት በማር በጥብጣ ለሦስቱ አከፋፈለቻቸው። ከዚያ በጀርባቸው አስተኝታ ጭናቸውን ታሽ ጀመር።

ያን ጊዜ ያየችውን አበሳ ዕድሜዋን ሙሉ አልረሳችውም። ስንት ሴት ከሞት አፋፍ ያወጣችበት እጅ የሦስት ጎልማሳ ጸጉራም፣ ላብ ያረጀበት፣ ቅቤ ቅቤ የሚሸት ጭን ያሽ ገባ። እነሱ ደግሞ እንደ ሕፃን «ኧረ ቀስ» ይላሉ። «ዝም በል፤ ቀስ የሚባልላት ያቻትልህ» እያለች ፊቷን ወደ ጎን አዙራ አሸች። ሕመሙ አልለቀቃቸውም፤ ቢሆንም ሲነሡ ጉልበታቸው መብረክረኩን ቀነስ አድርጎ ነበር።

አቀበቱን ጀመሩ። እኩሌታው ላይ የቢሆነኝ እግር ቀረ። አንድ እርምጃ ሊያነሣ ይፈልጋል፣ እግሩ አይሰማውም፤ ቃሬዛው ወደ እሱ ጫፍ ሲዘነብል ፈንታነሽ ጮኸች። አመተ ሥላሴ ነጠላዋን አጣፍታ ጫፉን ከትከሻው ላይ ነጠቀችው። ሴት ቃሬዛ ስትሸከም በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም፤ የሚከለክላት ግን አልነበረም። ቢሆነኝን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ትተውት ሄዱ። ሞጣ መግቢያ ላይ ሁለት ሙስሊም ነጋዴዎች አገኟቸው፤ ሳይጠየቁ ጭነታቸውን አውርደው ሁለቱን ጫፍ ተቀበሉ። በልተው ጠጥተው ያደሩ ሰዎች ነበሩና ቀሪውን መንገድ ሮጡበት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ የጤና መኮንን ነበር። ሕፃኗን በማዋለጃ ብረት ስቦ አወጣት። ስታለቅስ አመተ ሥላሴ እበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ ለመነሣት እጇን የሚስባት ሰው አስፈለጋት። ፈንታነሽም ደሟ ቆመላት።

ቢሆነኝ ፀሐይ ስትጠልቅ በዱላ እየተጎተተ መጣ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ሁለቱም መትረፋቸውን ሲነግሩት ዱላውን ጥሎ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋና «ስእለቴ ሰመረልኝ» አለ። ያ ውሃ የጠጣው አምባቸው ሳይቀር «እውነት ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አመተ ሥላሴ ወደ ግድግዳው ዞራ እንትፍ አለች።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው እሑድ፣ የመንደሩ የነፍስ አባት አባ ገብረ ሚካኤል ቢሆነኝን ሰው ፊት አቁመው ባረኩት፤ አክፍሎቱን የጠበቀ ብለው። ውሃ የጠጡትን ለብቻ አስጠሯቸው። «አሁን ሃምሳው ቀን ነው፣ ስግደት የለም» አሏቸው። «ጰራቅሊጦስ ሲያልፍ ግን ንስሓችሁን በስግደት ትፈጽማላችሁ። አንቺ አመተ ሥላሴ ቀድመሽ ጠጥተሻልና እጥፍ ትሰግጃለሽ።»

ወንዶቹ እሺ ብለው መስቀል ተሳለሙ። አመተ ሥላሴ እንደ ቆመች ቀረች።

«አባቴ፣ ሌላ ይስጡኝ» አለች። «ጾም ይጨምሩብኝ፣ ለቤተ ክርስቲያን ውሃ ልቅዳ። ስግደቱን ግን አሁን አልሰግድም። የአምባቸው ሚስት ሰኔ ላይ ነው ቀኗ፤ ወንዙ ሞልቶ ነው የምናገኘው። የነዚህን ሰዎች እግር ከስግደት ማግስት አይቼዋለሁ። ቃሬዛ ሲነሣ የኔ እግር ያስፈልጋል።»