ከጋሪ የወደቀው የኮከብ ካሜራ

ካሜራውን የጣልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ግን አፌን ዘጋሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከቀራንዮ ሰፈር በላይ ባለው ሜዳ፣ ለካርታ ሥራ ከዋክብት የሚያነሳ ካሜራ ሊተከል ነበር። እኔ ዕቃ ተሸካሚ ነበርኩ፤ ከዚያ በፊት የጭቃ ቤት ስሠራ ኖሬያለሁ። የሥራው መሐንዲስ የካሜራውን ሳጥን በትከሻህ ብቻ አምጣ ብሎኛል። እኔ ደግሞ እሺ የማልል ሰው ነኝ፤ ከፌርማታው ጋሪ ያዝኩ። ጎማው ቦይ ገባና ሳጥኑ ተገለበጠ። ከፍቼ ሳየው መስታወቱ አልተሰበረም። ጭቃውን በጋቢዬ ጠርጌ ዝም አልኩ።

በዚያው ሌሊት ያነሳነው ፎቶ ታጥቦ ሲመጣ አንድም ኮከብ አልታወቅ አለ። መሐንዲሱ መጽሐፍ አለው፤ ይቺ ኮከብ ከዚያች ይህን ያህል ትርቃለች ይላል። ፎቶውን በማስመሪያ ሲለካው ርቀቱ ሁሉ መጽሐፉ ካለው በልጦ ይገኛል።

በሦስተኛው ቀን ካድሬው መጣ። ስለ ኮከብ አያውቅም፣ ስለ አሻጥር ግን ያውቃል። መሐንዲሱን፣ እስከ ነገ ጠዋት ፎቶው ላይ ያሉትን የከዋክብት ስም ካልነገርከኝ አብረን እንሄዳለን ብሎት ወጣ። ያን ጊዜ አብሮ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ አይመለስም ነበር።

ሰዓት እላፊው ሜዳው ላይ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዘጋን። መሐንዲሱ ያንኑ ፎቶ ደጋግሞ ሲለካ ሳይ አላስቻለኝም።

«ኢንጂነር፣ ካሜራውን ከጋሪ ጥዬዋለሁ።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ለምን ያኔ አልነገርከኝም አለኝ። ፈርቼ ነው፣ አሁንም ፈርቻለሁ አልኩት።

«ግን የማስመሪያውን ቁጥር ይተዉት። ቤት ስንሠራ የምንለካበት ገመድ ይለጠጣል። ቤቱ ይተልቃል እንጂ አይጣመምም፤ ቁመቱ የወርዱ እጥፍ ከነበረ እጥፍ እንደሆነ ነው። ስንት ነው አይበሉ፤ የቱ ጎን የቱን በስንት እጅ ይበልጣል ይበሉ።»

እርሳሱን አነሳ። ከዚያ ሦስት ደማቅ ከዋክብት መርጦ በመስመር አገናኛቸውና መጽሐፉን ያገላብጥ ጀመር። አንድ ቦታ ገጠመለት፤ አራተኛዋን ሲፈልግ ግን በቦታዋ የለችም። መጽሐፉን ሊወረውረው ደረሰ። ሌላ ይፈልጉ፣ ቤት በአንድ ማዕዘን አይፈረድም አልኩት። ሊነጋ ሲል ሌላ አገኘ። አራተኛዋም ገጠመች፣ አምስተኛዋም። ከወደቀ ወዲህ ካሜራው ሁሉን በእኩል ያሰፋው ኖሯል።

ጠዋት ካድሬው ስሞቹን ሰማ፤ አልበቃውም። ታዲያ ቀኑን ማን አባከነው አለ። መሐንዲሱ አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት።

«እኔ ነኝ የጣልኩት።»

«ሆን ብለህ?»

«ሆን ብዬ ብሆን ጭቃ ላይ እጥለው ነበር? ድንጋይ ጠፍቶ ነው?»

አሥር ቀን ቀበሌ ታሰርኩ። መሐንዲሱ ግን ቤቱ አደረ። ስፈታ ሜዳው ላይ አገኘሁት፤ ሰላም እንኳ ሳይለኝ ሳጥኑን አንስቶ ትከሻዬ ላይ አስቀመጠው።