ራህማ መንገድ የመራችበት ቀን

የዚያን እሑድ (እሑድ በሱዳን የትምህርት ቀን ነው) ክፍል ውስጥ የነበርነው እኔ፣ የሰባት ዓመት ልጄ ራህማ፣ መምህርት አስቴር፣ የራህማ የወንበር ጓደኛ ሐናንና ሌሎች አሥራ አራት የአንደኛ ክፍል ልጆች ነን። መንገድ ላይ ያገኘናት ሻይ ሻጭም አለች፤ እሷን መተው አይገባኝም።

ከምንኖርበት ከቡሪ ሰፈር የተነሣነው ጠዋት በአንድ ሰዓት ነው። የምንሄደው አበሾች ልጆቻቸውን ወደሚያስተምሩበት፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤት ነበር። ራህማ ክፍል ውስጥ ቃል ተናግራ ስለማታውቅ፣ ሰው ፊት ካልተናገረች አንደኛ ክፍልን ትደግማለች ተብያለሁ። የዚያን ቀን ልጆቹ ከቤት እስከ ክፍል ያለውን መንገድ በቃላቸው ይናገራሉ። መምህርት አስቴር ለእኔም ሥራ ሰጥተውኝ ነበር፤ ልጄ ትምራኝ፣ እኔ አፌን ልያዝ።

ሃፍላ በምንለው ሚኒባስ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ወዳለው ዐማራት ሰፈር ሄድን። መውረጃችን ሲደርስ ራህማ «እዚህ» አለች፣ በሹክሹክታ። የሰማት የለም። ሚኒባሱ አለፈ፤ እኔ ሻርፔን ነከስኩ። ሁለተኛ አለች፣ አሁንም አለፈ። በሦስተኛው ወንበሩን በእጇ መትታ ጮኸች።

«ያ ሐጃ፣ እስካሁን የት ነበርሽ?» አላት ሒሳብ ሰብሳቢው፣ እንደ አሮጊት እየጠራት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

ከዚያ በእግር ነው። የዐማራት መንገዶች ቁጥር እንጂ መልክ የላቸውም። ራህማ ኒም ዛፍ ሥር የተቀመጠችውን ሻይ ሻጭ በዐረብኛ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ የምድጃው ጭስ ጆሮዋን እንደደፈነው ነግራ ጮክ አስባለቻት። መንገዱን ካሳየቻትም በኋላ ያለችውን መልሳ እንድትነግራት አደረገች። ራህማ ሳትሳሳት ደገመች፤ ትኩስ ዘላቢያ፣ በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ፣ ተሸለመች።

ክፍል ስንደርስ ተጀምሯል። የመምህርት አስቴር አሠራር፣ አንዱ ሲናገር ጓደኛው ሳያቋርጥ አዳምጦ የሰማውን ለክፍሉ መናገር ነው። ራህማ ተነሣች። መውረጃችንን ማለፋችንን፣ ዘላቢያውን፣ ሁሉንም አወራች። ቀጥላም፣ «በዚያ መንገድ እማ የምትሠራበት ቤት አለ። እዚያ ስንገባ እማ፣ ማዳም እንዳትሰማሽ ዝም በይ ትለኛለች» አለች።

አንገቴን ደፋሁ። እውነት ነው፤ እሷን የማስቀምጥበት ስለሌለኝ ከሕፃንነቷ ይዣት ሰው ቤት እሠራ ነበር። ድምፅ ካሰማች እንጀራዬ ይቀራል ብዬ ዝምታን አስለመድኳት። የት ቦታ እንደሚያበቃ ግን ነግሬያት አላውቅም።

ሐናን ተራዋ ደረሰ። መንገዱን አንድም ሳታስቀር ተናገረችና፣ «ራህማ እዚያ ቤት ዝም ትላለች። እዚህ ግን ማዳም የለችም» አለች።

መምህርት አስቴር ወደ እኔ ዞሩ። «የራህማ እናት፣ ልጅሽ መስማት ከማንም በላይ ታውቃለች። ዝም በይ ያልሻት አንቺ ነሽ፣ እንድትናገር ፍቀጂላት።»

እዚያው ልጆቹ ፊት፣ «ተናገሪ የእኔ ልጅ፣ እዚህ ተናገሪ» አልኳት። ይህን ለማለት ሰባት ዓመት ፈጀብኝ።

ወደ ቡሪ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አወራች። አንዳንዴ ጭንቅላቴን እስኪያመኝ ትለፈልፋለች፤ አልሐምዱሊላህ። ከሥራ ስገባ አሁን አስቀድሜ የምጠይቃት የበላችውን ሳይሆን ክፍል ውስጥ የተናገረችውንና የሰማችውን ነው። ወደ ሁለተኛ ክፍልም አልፋለች።

ሐናን ግን ዓመቱ ሳያልቅ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ገዳሪፍ ከተማ ሄደች፤ ስልካቸውም አይሠራም። ራህማ የምትነግራት ብዙ አላት። የሐናንን ወሬ የሰማችሁ፣ እባካችሁ ንገሩን።